«እናንተ» በሉ የተባልን ጊዜ

እህቴ ኤርሚኒያ ፒዬሞንቴ ውስጥ ያለችው የትንሿ ከተማችን የሞንታሬሊዮ ስልከኛ ነበረች። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመድ እየነቀለችና እየሰካች ሰውን ከሰው ታገናኝ ነበር። ያኔ ስልክ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር ሁሉንም በድምፁ ታውቀዋለች። ሥጋ ሻጩንም ከቶሪኖ የሚደውለውን ጄኔራልም እኩል «እርስዎ» ትላቸዋለች። እኔ ከዚያው አጠገብ የመርፌና የክር ሱቅ ነበረኝ። ባሌ ከሞተ በኋላ ሁለታችን አንድ ቤት እንኖር ነበር። ኤርሚኒያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት አላገባችም፤ የከተማው ሰው ጉዳዩን ተስፋ ቆርጦ ከተወው ቆይቷል።

አባታችን ጫማ ሰፊ ነበር። የሠራተኞቹ ማኅበር አዳራሽ ቁልፍም በእሱ እጅ ነበር። ከታላቁ ጦርነት በኋላ ሥራ የፈቱ ጎረምሶች ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው፣ በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ እየዘፈኑ መንደር ለመንደር ዱላ ይዘው ይዞሩ ጀመር። አንድ እሑድ እኛም ዘንድ መጡ። አዳራሹን አቃጠሉ። አባታችንን አደባባይ መሐል አስቀምጠው አንድ ብርጭቆ ሙሉ የጉሎ ዘይት አጠጡት፤ ከዚያም ቆመው ሆዱን ይዞ ሲሮጥ ሳቁበት። ፖሊሶቹ ጀርባቸውን አዙረው ሰማዩን ያዩ ነበር። ብርጭቆውን የያዘው ፊዮሬንሶ ጋርባሪኖ ነው፤ የፍራሽ ነጋዴው ልጅ። በዚያው ሰሞን የእነሱ አለቃ ሮም ላይ መንግሥት ሲይዝ ጋርባሪኖም እኛ ዘንድ የፓርቲ ጸሐፊ ሆነ። ቀስ በቀስ ጋዜጦቹ ተዘጉ፤ ምርጫ ቀረ፤ የመረጥነው ከንቲባ ወርዶ በቦታው ከላይ የተሾመ ሰው ተቀመጠ። ደግነቱ የተሾመው ዶክተር ኦሬስቴ ነበሩ፤ የከብት ሐኪም ናቸው። ከበሬ ጋር ስለሚውሉ ነው መሰል፣ አይቸኩሉም፣ አይቆጡም።

አሁን ወደ ፕሮፌሰር ባኪ ልምጣ። ሳልቫዶር ባኪ በከተማችን ትምህርት ቤት ላቲን ያስተምሩ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀሐይ ቢሆንም ዣንጥላ የማይለያቸው ሰው ናቸው። አይሁዳዊ ናቸው፤ ቤተሰባቸው ፒዬሞንቴ ውስጥ አራት መቶ ዓመት ኖሯል፤ እሳቸውም በጦርነቱ ጊዜ ሜዳልያ አግኝተዋል። እናታቸው ቶሪኖ ናቸው። እሑድ እሑድ ማታ ይደውሉላቸዋል። ያኔ የሩቅ መስመር እንዲህ እንደ ዛሬ አልነበረም፤ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ፕሮፌሰሩና እህቴ ያወራሉ። መጀመሪያ ስለ ዝናብ፣ ቀጥሎ ስለ ወይን ዋጋ፣ ኋላ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ሙታን፣ ስለ ምግብ። ይህ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። አንዳንዴ የቶሪኖ መስመር ወዲያው ሲከፈት ሁለቱም ቅር እንደሚላቸው ከፊቷ ይገባኝ ነበር። መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን እሳቸው ኮፍያቸውን ያነሳሉ፣ እሷ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሁለቱም እንደ ቲማቲም ቀልተው ይተላለፋሉ። ስልክ ላይ «እንዴት አመሹ፣ ወይዘሪት ኤርሚኒያ?» «ደህና አመሹ፣ ፕሮፌሰር?» ይባባላሉ። ከዚያ አልፈው አያውቁም።

በ1938 ጸደይ ላይ ከሮም ትዕዛዝ መጣ። «እርስዎ» የሚለው ቃል ተከለከለ። ከባዕድ የመጣ ነው፣ የሎሌ አነጋገር ነው፣ ሴታሴትም ነው ተባለ። ከእንግዲህ ወዳጅ «አንተ» ይባል፣ የሚከበር ሰው ደግሞ «እናንተ» ይባል ተብሎ ታዘዘ። እኛ አገር «እናንተ» የሚባለው ወይ ብዙ ሰው ነው ወይ የገጠር አያት። ጋርባሪኖ በየሱቁ እየዞረ ትዕዛዙን በትልልቅ ፊደል ግድግዳ ላይ ለጠፈ። እኔም ዘንድ ለጠፈ፤ ለኤርሚኒያም ከገመዶቹ በላይ ለጠፈላት። በማግሥቱ የዳኛው ሚስት ሱቄ መጥታ እየተጨነቀች፣ «እናንተ ነጭ ቁልፍ አላችሁ?» አለችኝ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። «እኔ አለኝ፤ የሌሎቹን አላውቅም» አልኳት። ሁለታችንም በሩን ዘግተን እስክናለቅስ ሳቅን።

ኤርሚኒያ ግን በቀን ስንት ጊዜ ያንን ቃል የምትል ሰው፣ መውጫ ማግኘት ነበረባት። አገኘችም። «እርስዎ»ም «እናንተ»ም ሳትል መናገር ጀመረች። «ማዕከል ነው፤ ማን ይፈለጋል?» ትላለች። «መስመሩ እስኪለቀቅ ትንሽ ይጠበቃል።» «ድምፅ ከፍ ቢል ጥሩ ነው።» ሰው የሌለበት ንግግር ሆነ፤ ግን እንከን አይወጣለትም። ጋርባሪኖ ጠረጠረ። አንድ ቀን አፍንጫውን ይዞ ደወለና የሚላኖ ሐር ነጋዴ ነኝ አላት። ድምፁን ወዲያው አወቀችው። በጣም በትሕትና፣ መልካም ቀን ለሚላኖ ነጋዴ ሁሉ እንዲሆን ተመኘችና እንዲህ አለች፦

«እንዲህ ላለው ጉንፋን ትኩስ ወተት በማር ይጠጣል። የፓርቲያችንን ጸሐፊ ባለፈው ሳምንት ልክ እንደዚህ ይዞት ነበር፤ አሁን እንኳ የለቀቀው አይመስልም።»

ሐር ነጋዴው ስልኩን ዘጋ።

ፕሮፌሰር ባኪ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ ትዕዛዙ እሳቸውንም ይመለከታል። በመጀመሪያው እሑድ ሲደውሉ ስለ ዝናብ ጀመሩ አለችኝ። ከዚያ፣ «ወይዘሪት ኤርሚኒያ፣ <እናንተ> ልበልዎ ብዬ ከምሳ ጀምሮ ስለማመድ ነበር፤ አልቻልኩም። እንደዚያ ካልኩ ክፍሉ ውስጥ ከጎንዎ ሌሎች ሰዎች ቆመው የሚሰሙ ይመስለኛል» አሏት። እሷም ዘዴዋን አስተማረቻቸው። ከዚያ ወዲያ በጋውን ሙሉ እንደዚያ አወሩ። «ዛሬ በደህና ተዋለ?» «ተዋለ፤ ወዲያ ማዶስ ራስ ምታቱ ተሻለ?» ላቲን አዋቂው ሰውዬ ይህን ጨዋታ በጣም ወደዱት። እሑድ ማታ እህቴ ቤት ስትገባ ሳቁ ገና ከፊቷ ላይ አልጠፋም ነበር።

መስከረም ሲገባ ሳቁ ቆመ። አይሁዳውያን በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳያስተምሩ፣ ልጆቻቸውም እንዳይማሩ አዋጅ ወጣ። ፕሮፌሰር ባኪ መጽሐፋቸውን በሁለት ሣጥን ይዘው ከትምህርት ቤቱ ወጡ። በዚያ ሰሞን ሰላምታ ላለመስጠት ብለው መንገድ የሚሻገሩ ሰዎች አየሁ፤ ሰላምታ ለመስጠት ብለው የሚሻገሩም አየሁ። ሥጋ ሻጩ ከነሽርጡ እየሮጠ ወጥቶ እጃቸውን ጨበጣቸው፤ እጁ ደም ስለነበረበት የእሳቸውን እጅጌ አበላሸው፤ ይቅርታ ሲጠይቅና እሳቸው ምንም አይደለም ሲሉ ቆዩ።

በዚያው እሑድ እንደ ልማዳቸው ደወሉ። ኤርሚኒያ የነገረችኝ በማግሥቱ ነው፤ ወጥ ቤት ተቀምጠን ቀይ ሽንኩርት እየላጥን፤ እንባዋ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አላወቅኩም። ፕሮፌሰሩ ድምፃቸውን ደስተኛ ለማድረግ እየጣሩ፣ ከእንግዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ስላልሆኑ ትዕዛዙ አይመለከታቸውም፣ ስለዚህ እንደ ልባቸው «እርስዎ» ሊሏት ይችላሉ አሏት።

«እርስዎ አይበሉኝ» አለች ኤርሚኒያ።

«ታዲያ ምን ልበልዎ?» አሏት።

«አንቺ በለኝ» አለች።

የቶሪኖ መስመር ተከፍቶ የዚያኛዋ ስልከኛ ሃሎ ሃሎ ስትል ሁለቱም አልሰሙም። እናትየው በዚያ ምሽት ሳይደወልላቸው ቀሩ፤ ልጄ ታመመ ብለው በማግሥቱ ቴሌግራም ላኩ።

ጋብቻውን የጠየቀችው ራሷ ናት። እሳቸው ሁለት ጊዜ እምቢ አሉ። ሥራዋን እንደሚያሳጧት፣ በሷም ላይ ክፉ ቀን እንደሚጠሩ፣ ጥሩ ሰው ብትፈልግ እንደማታጣ ነገሯት። በሦስተኛው ቀን የዝናብ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ከተማው ሁሉ እያያት፣ እቤታቸው ድረስ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ እንዲህ ማለቷን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፦

«ከኔ ላይ የሚወስዱት አንድ ወንበርና አንድ ማዳመጫ ነው፤ ይውሰዱት። አንተን ግን አልሰጣቸውም።»

ብዙም ሳይቆይ ከሮም ሌላ ወሬ መጣ፤ አይሁዳዊና ሌላው እንዳይጋቡ ይከለከላል ተባለ። ሕጉ ግን ገና አልተጻፈም። እኔና ኤርሚኒያ ወደ ዶክተር ኦሬስቴ ሄድን። እሳቸው ጋዜጣውን አነበቡት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። «ያልወጣ ሕግ አላነብም፤ ዓይኔም ደካማ ነው» አሉ። የጋብቻ ማስታወቂያ ሁለት እሑድ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ደንብ ነው። ለጠፉት። የለጠፉት ግን ስለ ከብት አፍተግር በሽታ ከሚናገረው ትልቅ ወረቀት ሥር ነው፤ የምታየው ነፋስ ሲነሳ ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ነፋስ አልነበረም።

ቄሱ በቤተ ክርስቲያን ሊያጋቧቸው አይችሉም፤ ግን በዋዜማው ሁለት ዶሮ ላኩልን፤ ማን እንደላከው እንዳይነገር ብለው ዶሮዎቹን ላመጣችው ሴት አስጠንቅቀው ነበር፤ እሷ ደግሞ መጀመሪያ የነገረችን እሱን ነው። ቀለበት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሐበሻ አገር ላይ ጦርነት ሲከፈት ሚስቶች ሁሉ የጋብቻ ቀለበታችሁን ለአገር ስጡ ተብለን ነበር። ሐበሾቹ ምንም ያላደረጉን፣ በራሳቸው አገር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ጋዝ ይረጩባቸዋል ይባል ነበር። እኔ የመጋረጃ ቀለበት ወርቅ ቀለም ቀብቼ ለሰብሳቢዎቹ ጣልኩላቸው፤ ባሌ ያጠለቀልኝን ቀለበት አዝራር ሣጥን ውስጥ ሸሸግኩት። ለኤርሚኒያ ትንሽ ሰፋት።

ሠርጉ ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ሙሽራዋ ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ ስልኩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል፤ እሷ ስትታመም እተካት ስለነበር እኔ ተቀመጥኩ። የእህቴን ሠርግ በመስኮት ነው ያየሁት። ማዶ ፎቅ ላይ ዶክተር ኦሬስቴ ጠረጴዛቸው ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋሉ፤ ኋላ እንደሰማሁት እስክሪብቶ ነበር። ልክ በዚህ መሐል የአውራጃው መስመር ጮኸ።

«ከአውራጃ አስተዳደር ነው። የከተማውን ሹም አገናኙኝ፤ አስቸኳይ ነው» አለ አንድ ደረቅ ድምፅ።

ምን ጉዳይ እንደሆነ ጠየቅኩት። ስለ ጋብቻ መመሪያ ነው አለኝ። ማዶ ገና እስክሪብቶ ይፈለጋል። እንግዲህ የምችለው ማውራት ብቻ ነው አልኩ ለራሴ።

እንዴት አደራችሁ አልኩት። ቤተሰቦቻችሁስ፣ ጤናችሁስ፣ ወይናችሁስ ዘንድሮ እንዴት ነው? ትዕዛዙን አክብሬ «እናንተ» ስል ሰውዬው ብቻውን ሳይሆን ከነመንደሩ የተሰበሰበ እስኪመስለኝ ድረስ ደጋገምኩት። መጀመሪያ ደስ አለው፤ ታማኝ ዜጋ ነች ብሎ ነው መሰል። ቀጥሎ አጣደፈኝ። የሹሙ መስመር ተይዟል አልኩት። ታዲያ የፓርቲውን ጸሐፊ አገናኙኝ አለ። ገመዱን አንስቼ የሥጋ ሻጩ እናት ቤት ሰካሁት። እኚያ እናት ጆሯቸው አይሰማም፤ ግን ስልክ ማንሳት ይወዳሉ። ሰውዬውን የሽንት ቤት ጠጋኝ ነው ብለው ለምን ሦስት ሳምንት ቀረህ እያሉ ወቀሱት። ሲመለስልኝ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። ማዶ ኤርሚኒያ ጎንበስ ብላ እየፈረመች ነው።

«ይስሙኝ እመቤቴ» አለ በቁጣ፣ «እርስዎ ይህን ሥራ የሚችሉት አይመስለኝም።»

እግዜር ነው ይህን ያስባለው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መስመሩ ይንጫጫል» አልኩ። «አሁን <እርስዎ> ነው ያላችሁኝ?»

«አላልኩም» አለ።

«ብላችኋል መሰለኝ። ቃሉ እኛ ዘንድ ክልክል ነው፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ምናልባት ትዕዛዙ አውራጃ አልደረሰ ይሆናል፤ ላንብብላችሁ።»

ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ስለ ባዕድ ነገርና ስለ ሎሌ አነጋገር ያለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለፓርቲያችን ጸሐፊ አስተላልፈው ዘንድ ስሙን ጠየቅኩት። ስም አያስፈልግም አለኝ፤ ኋላ እደውላለሁ አለ፤ በ«እናንተ» ደጋግሞ አመሰገነኝና ዘጋ። ቀና ስል ሁለቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ሲወርዱ አየሁ፤ እሷ ግራጫ ልብስ ለብሳ ቀይ የዳሊያ አበባ ይዛ፣ እሱ ዣንጥላውን ይዞ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኔ ፕሮፌሰር መሆኑ ቀርቶ ሳልቫዶር ሆነ።

ሰውዬው እንደገና ሲደውል ቀጥ አድርጌ ዶክተር ኦሬስቴን አገናኘሁት፤ ስሰማም ነበር፤ አልዋሽም። እንዲህ ዓይነት የጋብቻ ማመልከቻ ያለ የበላይ ፈቃድ እንዳይስተናገድ አለ። ዶክተሩም በዚህ ሰዓት በቢሯቸው የሚጠብቅ እንዲህ ዓይነት ማመልከቻ አንድም እንደሌለ በታላቅ ትሕትና አረጋገጡለት።

ምሳ እኛ ቤት ነበር። ሥጋ የተሞላ ፓስታ፣ የቄሱ ዶሮዎች፣ የኮረብታችን ቀይ ወይን። የሳልቫዶር እናት ከቶሪኖ መጥተው ነበር፤ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ የዱሮ ሰው ስለሆኑ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ሁሉ «እናንተ» ሲሉ ኖረዋል። ዶክተር ኦሬስቴ፣ በከተማው ውስጥ ሕግ የሚያከብሩ እርስዎ ብቻ ነዎት አሏቸው፤ እሳቸው ለምን እንደተሳቀ አልገባቸውም።

ፓስታው ሳያልቅ ጋርባሪኖ ገባ። ጥቁር ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ በሩ ላይ ቆመና ይህ ጋብቻ ለምን ቀድሞ እንዳልተነገረው ጠየቀ። አባቴ ትዝ አለኝ፤ የያዝኩትን ጠርሙስ አጥብቄ እንደጨበጥኩ ያወቅኩት ኋላ ጣቶቼን ሲያመኝ ነው። ዶክተር ኦሬስቴ ቀስ ብለው ተነሱ። ብርጭቆ ሞሉለት። ማስታወቂያው ሁለት እሑድ ሙሉ ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት አጠገብ ተለጥፎ እንደነበር፣ አውራጃው ቢጠይቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጸሐፊው እንዴት ሳያየው ቀረ የሚለው እንደሆነ፣ እሳቸው ግን የወዳጃቸውን ስም ማንሳት እንደማይፈልጉ በለሰለሰ ድምፅ ነገሩት። ጋርባሪኖ ብርጭቆውን አየው፣ ዶክተሩን አየ፣ ከዚያ ጠጣ። ወይኑ ጥሩ ነው አለና ሄደ። አሮጊቷ፣ «እኚያ ሰውዬ ለምን አልተቀመጡም?» ሲሉ ነው ሳቅ የተነሳው።

ሕጉ በኅዳር ወጣ። የእህቴ ቀጣሪዎች በገና ሰሞን አሰናበቷት። ሳልቫዶር የላቲን ትምህርት በየቤቱ በድብቅ እየሰጠ በእንቁላልና በዱቄት ይከፈለው ነበር፤ እንደዚያ ክረምት እንቁላል በልተን አናውቅም። ግን ሁለቱም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አይተውታል። በየካቲት ከጄኖቫ መርከብ ተሳፍረው፣ አሮጊቷንም ይዘው፣ ከውቅያኖስ ማዶ ወዳለችው ሞንቴቪዴዮ ሄዱ። ባቡር ጣቢያው ድረስ የሸኛቸው ሰው ብዙ ነበር፤ መምጣቱ አደገኛ ስለነበር ሁሉም ሌላ ሰው ሊቀበል የመጣ መስሎ ነበር። በዚያ ባቡር ግን አንድም ሰው አልወረደም። ሥጋ ሻጩ በመስኮት አንድ ክንድ የሚያህል ቋሊማ አቀበላቸው። ለአይሁዳዊ ቤተሰብ አሳማ መሆኑ ትዝ ያለው ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ነው፤ እየሮጠ መልሶ ሊወስደው ሞከረ፤ ሳልቫዶር ግን ደረቱ ላይ አቅፎ አልሰጥም አለው።

ከዚያ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ቶሪኖ ከቀሩት የሳልቫዶር የአጎት ልጆች ሁለቱ በጀርመኖች ተወስደው አልተመለሱም። ስማቸው ጉዶና ሌሊያ ነበር። ጋርባሪኖ በጦርነቱ የመጨረሻ ክረምት ወደ ሰሜን ሸሸ፤ ያየው የለም። ዶክተር ኦሬስቴ ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ።

እኔ ጦርነቱ ካለቀ በሁለተኛው ዓመት ሱቄን ዘግቼ ሞንቴቪዴዮ ሄድኩ። በመርከብ ስሄድ ቀኑን ሙሉ አስመለሰኝ፤ ሁለተኛ አልሳፈርም ብዬ ማልኩ። ወደቡ ላይ ኤርሚኒያ ወፍራ፣ ሳልቫዶር ደግሞ የሣር ባርኔጣ ደፍቶ ቆመዋል፤ መሐላቸው የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለች። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ አክስቴ ትልቅ ሴት ናት ብላችሁኝ ነበር፤ ይቺ ግን አጭር ናት አለች። እቤት ስንደርስ ኤርሚኒያ ሥጋ የተሞላ ፓስታ ሠርታ ጠበቀችኝ። የዚያ አገር ሥጋ ጥሩ ነው፤ ግን ቅመሙን አብዝታዋለች። ነገርኳት። ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ምግብ የምታውቂው አለችኝ። ሳልቫዶር ሳህኑን እየዘረጋ ድገሙኝ ይላል፤ እኛ ስለ ቅመሙ እስከ ማታ ተከራከርን።